የእንዝርት ሒሳብ

በኅዳር ወር ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም የተጓዘ ሰው ዓይኑ ላይ ሁለት ቀለም ይቀራል፤ ቀይና ነጭ። ቀዩ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ነው። ነጩ ሰዉ ትከሻ ላይ ነው። ከደምበጫ ጀምሮ ጅጋን አልፎ እስከ ቡሬ ድረስ ገበያ የሚወጣው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው፣ ለቅሶ የሚደርሰው፣ ከብት የሚነዳው ሁሉ ጋቢ ወይም ኩታ ጣል አድርጓል። አዲስ አበባ ላይ ጋቢ የቤት ልብስ፣ የጉንፋን ልብስ ሆኗል። እዚህ ግን የሥራ ልብስ ነው። ጠዋት ብርዱ ሲጠና ይከናነቡታል፤ ፀሐይ ስትከር አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ያኖሩታል፤ ማታ ለብሰውት ይተኛሉ።

ፍኖተ ሰላም ድሮ ወጀት ነበር ስሟ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚህ መንገድ አለፉ፣ የአሁኑን ስሟንም ያን ጊዜ አገኘች። ከእርሷ ወደ ቡሬ ሲሄዱ ማንኩሳ አለች፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ሳያያት የሚያውቃት ማንኩሳ። ሐዲስ ዓለማየሁ የበዛብህ አገር ያደረጓትን ቦታ የሚኒባስ ረዳት «ማንኩሳ ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጠራት መስማት ትንሽ ያስደነግጣል። ሁለት ሴቶች ዶሮ ይዘው ወረዱ፣ መንገዳችንን ቀጠልን።

ይህን ጉዞ ያደረግሁት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ያ አገርና ያ መንገድ ምን እንዳሳለፈ አንባቢ ያውቃል፤ እኔ የምጽፈው ያን ጊዜ ያየሁትን ነው።

የሄድኩት ሽመና ልማር ብዬ ነበር። ቡሬ አጠገብ የሚሠራ፣ ለማሳየት ፈቃደኛ የሆነ ሸማኔ በሰው በሰው አግኝቻለሁ። ያገናኘኝ ጓደኛዬ ግን አንድ ነገር አስቀደመ፦ «እናቴ ገበዝ ማርያም ናት። መጀመሪያ እሷ ጋ እደር። ክሩን ሳታውቅ ሸማውን አታውቀውም።»

ገበዝ ማርያም የደረስኩት ኅዳር 21 ቀን፣ የጽዮን ማርያም ዕለት ነው። ሥራ ለመማር ከዚህ የባሰ ቀን የለም። ሞፈር ቆሟል፣ ወፍጮ ዝም ብሏል፣ እንዝርቱም ግድግዳው ላይ ከነልቃቂቱ ተሰክቷል። እማማ (ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ስለሚላቸው እኔም እንዲያ አልኳቸው) ዓይኔ ወደ እንዝርቱ ሲሄድ አዩና «ዛሬ ማርያም ናት፤ አይነካም። ነገ ይደርሳል፤ እስቲ አሁን ቅመስ» ብለው ጠላ ቀዱልኝ። ጠላው ጥሩ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልብ ብሎ የሚያይ ሰው እመቤታችን ራሷ እንዝርት ይዛ እንደምትሣል ያውቃል። መልአኩ ገብርኤል ሊያበሥራት ሲመጣ በቤተ መቅደስ ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል ነበር የሚለውን ትውፊት ሠዓሊዎቻችን ሲሥሉት ኖረዋል፤ ክሩ ከጣቷ ወርዶ እንዝርቱ ሲንጠለጠል ይታያል። መፍተል በዚህ አገር ማንንም አሳፍሮ አያውቅም። የባላባት ሚስት ፈትላለች፣ የቄስ ሚስት ፈትላለች፣ የአራሽ ሚስት ፈትላለች። ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ መፍተል ካልቻለች የሚታማው የእናቷ አስተዳደግ ነበር። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ቡሬ ስንደርስ ያስፈልገናል።

በማግስቱ ሥራው የተጀመረው ከጥጡ ነው። ጥጥ እዚህ ወይና ደጋ ላይ አይበቅልም። ከቆላው፣ ከዓባይ ሸለቆና ከመተከል በኩል በነጋዴ እጅ ይመጣና ገበያ ላይ በጆንያ ይሸጣል። እማማ የገዙት ፍሬው ገና ያልወጣለትን ነው። ፍሬውን ማውጣት መዳመጥ ይባላል። ጥጡ ለስላሳ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደረግና ቀጭን የብረት ዘንግ በሁለት እጅ ተይዞ በላዩ ይገፋል፤ ጥጡ በዘንጉ ሥር ያልፋል፣ ፍሬው ማለፍ አቅቶት ወደ ፊት ይፈናጠራል። የሚያዳምጡት ድምፅ እንኳ የለም፤ ጠብ ጠብ የሚል የፍሬ ድምፅ ብቻ። ትከሻና አንገት የሚገናኙበት ሥጋ የት እንዳለ በትክክል የሚያውቀው ግን ጥጥ የዳመጠ ሰው ነው።

ቀጥሎ ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ጥጡ ውስጥ ይገባና ይነጠራል፤ ጥጡ እየተነሳ እየተበታተነ ባዘቶ ይሆናል። የነደፈ ሰው ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ አፍንጫው ሁሉ ይነጣል። ባዘቶው በጣት እየተጠቀለለ አመልማሎ ይወጣዋል፤ አመልማሎ ከአውራ ጣት ወፈር የሚል፣ እፍ ቢሉት የሚሄድ ነገር ነው። ጠዋቱ በሙሉ እዚህ ላይ አለቀ። አንድ ክንድ ክር እንኳ አልተሠራም።

ከሰዓት በኋላ እማማ ከደጅ ዱካቸው ላይ ተቀመጡ፣ የአመልማሎውን ጫፍ እንዝርቱ ላይ አያያዙ፣ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ሰረር አድርገው ለቀቁት። እንዝርቱ አየር ላይ እየሾረ ሲወርድ አመልማሎ የያዘው ግራ እጃቸው ወደ ላይ ይሸሻል፤ በሁለቱ መሃል ክር ይረዝማል። ክንዳቸው ተዘርግቶ ሲያበቃ እንዝርቱን ያዝ፣ ክሩን ጠቅለል፣ እንደገና ጭን ላይ ሰረር። ዓይናቸው ክሩን አያይም። የጎረቤት ጥጃ እንዴት ሽንብራ ውስጥ እንደገባች እየነገሩኝ ነበር። ታሪኩን ለመጨረስ እጃቸውን አንድም ጊዜ አላቆሙም፤ ክሩ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። የእኔ ክር አንዱ ጋ የጫማ ማሰሪያ ያህላል፣ አንዱ ጋ ሳያዩት ይበጠሳል። «አትጎትተው፤ ራሱ ይመጣል፣ አንተ መንገድ ልቀቅለት» ይሉኛል። መንገድ መልቀቅ ማለት ምን እንደሆነ በቃል ሊያስረዱኝ ሞክረው ስላልሆነላቸው እጄን ያዙና የአውራ ጣቴንና የሌባ ጣቴን ግፊት በራሳቸው ጣት ልክ አደረጉት። ያኔ ገባኝ። ምሥጢሩ ያለው የማክረሪያው ጉልበት ከእንዝርቱ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ ጣት በስንት ፍጥነት ያሳልፈዋል የሚለው ላይ ነው። ካዘገየው ክሩ ይከርና ይጠማዘዛል፤ ካፈጠነው ላልቶ ይለያያል። ለድር የሚሆነው ጠንከር ብሎ ይከራል፣ ምክንያቱም ተወጥሮ የሚቆመው እሱ ነው። ለማግ የሚሆነው ለስለስ ይላል፤ ሲለበስ ገላን የሚያሞቀው እሱ ነው። እማማ ይህን ልዩነት የሚያወጡት እንዝርቱን ጭናቸው ላይ በሚያስኬዱበት ርዝመት ነው።

ክር ሲበጠስ አይቋጠርም። ሁለቱ ጫፎች ተለስልሰው፣ ከአመልማሎው ትንሽ ተጨምሮ፣ በጣት ይፈተላሉ፤ ቦታው አይታወቅም። የቋጠርኳትን አንዷን አዩና ፈትተው አስደገሙኝ። «ቋጠሮ ሸማኔው ቤት ያጋልጣል፤ ‹ይህን የፈተለችው ማናት?› ያሰኛል።»

ቡና ሲፈላ ጎረቤቶች መጡ። ወንድ ልጅ እንዝርት ይዞ ማየት ለሰፈሩ ትልቅ መዝናኛ ሆነ። አንዷ ሳቋን መያዝ አቅቷት «እናትህ ሴት ልጅ አጥታ ነው?» አለችኝ፤ ሌላዋ ደግሞ ፈትሌን አንሥታ ብርሃን ላይ አየችና «ይሄ ለጌሾ መቋጠሪያ ይሆናል» ብላ ፈረደች። ወንድ አይፈትልም፣ ሴት አትሸምንም፤ ደንቡ እንዲህ ነው። ደንቡ የተሰበረበት ቦታ አማራ ክልል ውስጥ አለ። ከጣና ማዶ ፎገራ ላይ፣ በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩ በመሠረቷት አውራ አምባ ሴትም ከሸማ ዕቃው ፊት ትቀመጣለች፣ ወንድም ይፈትላል። ለሴቶቹ ይህን ስነግራቸው ሰምተውታል፤ «እዚያማ ሌላ ነው» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ማታ ስለ ዋጋ ጠየቅኳቸው። ለልጃቸው ያሠሩት ጋቢ ስንት ፈጀ? እማማ በጣታቸው ቆጠሩልኝ፤ ጥጡ ይህን ያህል፣ የሸማኔው የእጅ ዋጋ ይህን ያህል፣ ጥለቱ ላይ የገባው ባለቀለም ክር ይህን ያህል። ሦስት ጣት። አራተኛዋን ጠበቅኳት፣ አልመጣችም።

«ፈትሉስ?»

«ፈትል ምን ዋጋ አለው? ቁጭ ብዬ አይደል የፈተልኩት!»

ቁጭ ብለው የፈተሉት ከአንዱ ክረምት እስከ ሌላው ነው። ማሳ ሲጠብቁ ፈትለዋል፣ ልጅ ሲያጠቡ ፈትለዋል፣ ለቅሶ ቤት ሁሉ ፈትለው ይሆናል። ሌላ ሥራ በማይሠራበት ሰዓት የተሠራ ሥራ ስለሆነ ሥራ ተብሎ አልተመዘገበም። እኔ በበኩሌ ይህ ትሕትና ነው ብዬ አላልፈውም። የሒሳብ ጉድለት ነው፣ ጉድለቱም የእሳቸው አይደለም።

ቡሬ የፍኖተ ሰላምን ያህል የተረጋጋች አይደለችም፤ መንገድ የሚለያይባት ከተማ ናት። አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል። የጭነት መኪና፣ ባጃጅ፣ የበርበሬ ጆንያ፣ የሚያስነጥስ አየር። ሸማኔው የሚሠራው ከዚህ ግርግር ወጣ ብሎ ነው። አያ ሲሉት ሰማሁ፣ እኔም አያ አልኩት። ሙስሊም ነው፤ አባቱም አያቱም ሸማኔዎች ነበሩ።

በጎጃም ሽመናን አብዝተው የያዙት ሙስሊሞች መሆናቸው እንዲሁ የሆነ አይደለም። በዱሮው ሥርዓት ርስት የክርስቲያኑ ነበር፤ ሙስሊሙ መሬት ስለማያገኝ ንግድና የእጅ ሥራ ያዘ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ መሬት ያገኙ ሸማኔዎች ሞፈር ጨበጡ፤ ሽመናውን ግን አልጣሉትም። እንግዲህ ነገሩን አስቡት፤ ክርስቲያኗ ፈትላ ትሰጣለች፣ ሙስሊሙ ይሸምናል፣ እሷ ያን ለብሳ ትቆርባለች፣ ባሏም ሲሞት በዚያው ይገነዛል። ማኅበሩ የተለያየ ነው፣ ሸማው ግን አንድ ነው። ያም ሆኖ ሸማኔውን ሰው ቤቱ አይጋብዘውም፣ ልጁን አይድርለትም ነበር። የስድብ ስም ወጥቶለታል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው የሚሰድብ እንዲታረም ያስነገሩት አዋጅ ሸማኔውንም ይጨምራል፤ ስድቡ አዋጅ እስኪያስፈልገው ድረስ ሥር የሰደደ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ አድርገን ስናስተያየው ነገሩ ያስገርማል። ፈታይዋ ተከብራለች፣ አልተከፈላትም። ሸማኔው ተከፍሎታል፣ አልተከበረም። በአንድ ጋቢ ላይ ሁለት በደል።

አያ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ሰደደ። ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት መርገጫዎች አሉ፤ በጣቱ መሃል ይዞ አንዱን ሲረግጥ የድሩ ግማሽ ይነሣል፣ ሌላውን ሲረግጥ ሌላው ግማሽ። በተከፈተው መሃል መወርወሪያዋ ከቀኝ እጁ ወጥታ በግራው ትያዛለች፤ ውስጧ ቀሰም አለ፣ ቀሰሙ ላይ ማጉ ተጠንጥኗል። ከዚያ መምቻውን ወደ ደረቱ ሳብ፣ ጠፍ። የሸማው ወርድ በዚህ ይወሰናል፤ እጁ ከሚደርስበት በላይ ሰፊ ጨርቅ አይወጣውም። ሰፊ የሚፈልግ ሁለት አድርጎ ያሰፋል።

አንድ ነገር በቅርብ አየሁ። መወርወሪያዋ መሃል ላይ ስትደርስ አያ ቆመ። እኔ ምንም አላየሁም። በጥፍሩ አንዷን የማግ ክር አነሣ፤ እንደ ስንዴ ቅንጣት ያበጠች ቦታ ነበረች። ጣቱን አርሶ አሸት አሸት አደረጋት፣ ወፈርታዋ በግራና በቀኝ ተሰራጨ፣ ሥራው ቀጠለ። «የማን ፈትል ነው?» ብዬ ስጠይቀው የሴትየዋን ሰፈር ነገረኝ። «እሷ ስትናደድ እንዲህ ታበዛለች» አለ። ሳይስቅ ነው የተናገረው።

እኔን ያስቀመጠኝ ዘግይቶ፣ ወፍራም የቡልኮ ድር ላይ ነው፤ ባበላሽም የሚጎዳ አልነበረም። እግርና እጅን ማስማማት እንደ ፈትሉ አላስቸገረኝም። ቀስ እያለ ይመጣል፤ ፍጥነት የሌለው ሸማኔ ሸማኔ አይባልም እንጂ ጨርቅስ ይሠራል። ፈትል ግን እንዲያ አይደለም፤ ቀስ ቢሉም ፈትል ካልሆነ ፈትል አይደለም። ይህን ለአያ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። እሱ አንድ ጋቢ በቀናት ይጨርሳል፤ ለጋቢው የሚሆነው ፈትል ግን የስንት ሴት የስንት ወር እጅ ነው። የሸማኔ ቤት ሥራ የሚያጣው ክር ሲጠፋ ነው።

ይህ የቡሬ ችግር ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር ጆን ኬይ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1733 መወርወሪያውን በገመድ እንዲሮጥ አድርጎ የሸማኔውን ሥራ አፋጠነው፤ ውሎ አድሮ አገሩ ክር አጣ፣ ፈታዮቹ ሊደርሱለት አልቻሉም። ጄምስ ሃርግሪቭስ እ.ኤ.አ. በ1764 ገደማ በአንድ ጊዜ ብዙ ክር የሚፈትል መኪና የሠራው ያን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ዓለምን የለወጠው የፋብሪካ አብዮት የተነሣው እማማ በሦስት ጣት ቆጥረው ያለፉትን አራተኛውን ነገር ማንም በነፃ ሊያቀርብ ባለመቻሉ ነበር። እኛ አገር ግን በነፃ ሲቀርብ ኖረ።

ኋላ የፋብሪካ ክር መጣ። የባሕር ዳሩ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለጎጃም ሸማኔ ክሩ ከቅርብ ሆነለት። ዛሬ አብዛኛው ጋቢ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ነው። አያ አይቃወመውም። የፋብሪካ ድር አይበጠስም፣ አያብጥም፣ አይናደድም። ድሩም ማጉም በእጅ የተፈተለ ሲመጣለት ግን እጁ ይለወጣል፤ መምቻውን ቀለል አድርጎ ነው የሚስበው። «ያኛው ክር ነው፤ ይሄኛው ሰው አለበት» አለኝ፣ ምራቁን ዋጥ አድርጎ ቀጠለ። ልጁን ሊያስተምረው ይፈልግ እንደሆነ ጠየቅኩት። ልጁ ባጃጅ ይነዳል፤ ጥሩ ገቢ አለው። የጥያቄው መልስ ይህ ነበር።

ከቡሬ ከመውጣቴ በፊት የባህል ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ጋቢዎቹ በሁለት ተደርድረዋል። ነጋዴው በግራ ያሉትን «የፋብሪካ ክር»፣ በቀኝ ያሉትን ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የእጅ ፈትል፣ ድሩም ማጉም» አለኝ። የቀኞቹ ዋጋ ብዙ ይበልጣል። እንግዲህ ፈትል ዋጋ አለው! ገበያው ያውቀዋል፣ ገዢው ያውቀዋል፣ ነጋዴው ጮክ ብሎ ይጠራዋል። የማታውቀው የፈተለችው ናት።

ልዩነቱ ለማን እንደሚደርስ ጠየቅኩት። አልተቆጣም፤ ነገሩን ለማስረዳት ወንበር ሁሉ አቀረበልኝ። ልቃቂቱን የሚገዛው ከሴቶቹ ነው። ጨው ሲያልቅባቸው፣ የልጅ ደብተር ሲያስፈልግ ይዘውለት ይመጣሉ። እሱም ይመዝናል፣ ይከፍላል።

«በሚዛን?»

«በሚዛን ነዋ። በምን ልግዛው?»

በሚዛን ከሆነ ቀጭን አድርጋ የፈተለችው ተበላች። አንድ ኪሎ ቀጭን ክር ከአንድ ኪሎ ወፍራም ክር ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን እኩል ናቸው። ስለዚህ ልጇ ደብተር የሚያስፈልጋት ብልህ ሴት አወፍራ ትፈትላለች፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ነጋዴው «ቀጭን የሚፈትል ጠፋ» ብሎ ያማርራል። ይህንኑ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና የነገርኩት ትክክል እንደሆነ አመነ። አሁንም እየጠፋ ነው አለ፣ ድርና ማግ የእጅ የሆነ ጋቢ ባለፈው ዓመት ያገኘውን ያህል ዘንድሮ አላገኘም።

«ታዲያ ቀጭኑን ለይተህ በደንብ ብትከፍልስ?»

«እከፍላለሁ፣ ምን ገዶኝ። እንደሱ ስከፍል ይሄ ጋቢ ስንት እንደሚገባ አስበኸዋል?» ከላይ ያለውን አወረደና ዘርግቶ ጭኔ ላይ ጣለው። «አሁን ባለው ዋጋ እንኳ አንተ ገና አልቆረጥክም። ትወስደዋለህ?»